ዳታው አያልቅም፣ ፍጥነቱ ግን ያልቃል፦ «ያልተገደበ» የሞባይል ጥቅል ከ7 ወር በኋላ

ከጥቅሉ 30 ቀን ውስጥ 18ኛው ወይም 19ኛው ቀን ላይ ቴሌግራም ጽሑፍ ይልካል፣ ፎቶ ግን አይከፍትም። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ምስሉ እንደደበዘዘ ይቀራል። ስልኩ አናት ላይ 4ጂ የሚለው ምልክት አለ፤ የሲግናሉ ዘንጎችም ሙሉ ናቸው። ቀሪ ሂሳብ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ «ያልተገደበ» ነው። ከ7 ወር ውስጥ 6ቱ እንዲህ ነው ያለቁት፤ ስለዚህ ይህ ግምገማ በአብዛኛው ስለዚያች ክብ ነው። የቀረው ደህና ነው፦ ስልክ ይደወላል፣ መልእክት ይገባል፣ ጥቅሉ በሰዓቱ ይታደሳል።

የሚሆነው ነገር ውስብስብ አይደለም። በጥቅሉ ደንብ ውስጥ «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የሚባል አንቀጽ አለ። የተወሰነ ጊጋ እስኪሞላ ድረስ ኔትወርኩ የሚችለውን ፍጥነት ሁሉ ይሰጣል። ከሞላ በኋላ ዳታው አይዘጋም፤ ፍጥነቱ ግን ዝቅ ይደረግና እስከ ጥቅሉ የመጨረሻ ቀን እዚያው ታስሮ ይቆያል። አሠራሩ በሌላውም ዓለም ያለ ነው፤ ምክንያትም አለው። የአንድ ማማ አቅም በዙሪያው ባሉ ስልኮች ሁሉ የሚከፋፈል ስለሆነ፣ አንድ ሰው ቀንና ሌሊት ፊልም ሲያወርድ ቢውል ጎረቤቱ ይጎዳል። ይህን የሚክድ የለም። ቅሬታው መጀመሪያ «ያልተገደበ» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ቁጥሩ ሲሞላ አንድም መልእክት አለመምጣቱ ላይ ነው። በጊጋ የሚሸጥ ጥቅል ሊያልቅ ሲል ስልኩ ላይ ማሳሰቢያ ይገባል። ይሄኛው ዝም ብሎ ይንቀራፈፋል፣ ተጠቃሚውም ጥፋቱን ከስልኩ ይፈልጋል።

«ገደብ የለውም፣ እንደፈለጉ ይጠቀሙ» ለሚለው ሻጭ አንድ ጥያቄ አለ። ወንድሜ፣ ገደብ የሌለው ምኑ ነው? መጠኑ ነው ወይስ ፍጥነቱ? መጠኑ ከሆነ፣ ፍጥነት የሌለው መጠን ምን ይሠራል? ቧንቧው አልተዘጋም ብሎ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ሥር ጀሪካን ደቅኖ የቆመ የአዲስ አበባ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። «አብዛኛው ደንበኛ እዚያ ቁጥር ላይ አይደርስም» የሚል መልስም ይመጣል። አብዛኛው የማይደርስበት ከሆነ ቁጥሩን ማስታወቂያው ላይ በትልቁ መጻፍ ማንን ይጎዳል? የሚደርስበት ሰው አውቆ ይገዛል፣ የማይደርስበትም አይሰጋም። ደንቡ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሚቀመጠው ግን ጥቅሉን የሚሸጠው ዋናው ቁጥር ሳይሆን ቃሉ ስለሆነ ነው።

ስለ ቁጥር ከተነሳ «ሜጋ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ጥቅል የሚለካው በሜጋባይት ነው፤ ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት በሰከንድ ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 1 ሜጋቢት ፍጥነት ማለት በሰከንድ 125 ኪሎባይት ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት 1 ጊጋ ፋይል ለማውረድ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይፈጃል። በ512 ኪሎቢት 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። በ128 ኪሎቢት ከ17 ሰዓት በላይ ነው። እንግዲህ ፍጥነት የሚታሰርበት ቁጥር ወደየት እንደሚወድቅ ካልታወቀ «ከገደቡ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምንም አይነግርም። ዩቲዩብ በ360 ጥራት ሳይቆራረጥ ለመታየት 0.7 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ በ480 ጥራት 1.1፣ በ720 ደግሞ 2.5፣ በ1080 ደግሞ 5 ሜጋቢት። ዙም ላይ ሁለት ሰው በቪዲዮ ሲነጋገር ወደ 600 ኪሎቢት በየአቅጣጫው ይበቃዋል። ስለዚህ 1 ሜጋቢት ላይ የሚታሰር ጥቅል ያናድዳል እንጂ ሥራ አያስፈታም። 128 ላይ የሚታሰር ግን ከጽሑፍና ከድምፅ ጥሪ ያለፈ ነገር አይሸከምም። ሁለቱም ገበያ ላይ የሚጠሩት በአንድ ስም ነው፤ የሚያስቆጨው ይሄ ነው።

5ጂ ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ ገደቡ ላይ ቶሎ ይደርሳል። አዲስ አበባ 4ጂ ያገኘችው በመጋቢት 2007 ሲሆን 5ጂ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በግንቦት 2014 ነው። ፍጥነት ባደገ ቁጥር ዩቲዩብም ቲክቶክም ሳይጠይቁ ጥራቱን ከፍ ያደርጋሉ። 480 ላይ በሰዓት ግማሽ ጊጋ የሚበላ ቪዲዮ 1080 ላይ በሰዓት 2.25 ጊጋ ይበላል። ገደቡ 30 ጊጋ ነው እንበል፦ በ480 ጥራት 60 ሰዓት ይታይበታል፣ በ1080 ግን 13 ሰዓት ብቻ። በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ የሁለቱን ልዩነት አይን እምብዛም አያየውም። ዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ የቪዲዮ ጥራት የሚለው ቦታ ገብቶ «በሞባይል ኔትወርክ» ከሚለው ሥር ዳታ ቆጣቢውን መምረጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከ7ቱ ወር ያለ ክብ ያለፈው አንዱ ወር ይህ ከተስተካከለ በኋላ የመጣው ነው።

ፍጥነቱ ሲወርድ ሰው ሁሉ የሚለው «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ነው። መጨናነቅና መታሰር ግን በቀላሉ ይለያያሉ። መጨናነቅ ቦታና ሰዓት ይመርጣል። ማታ 12 ሰዓት ሜክሲኮ ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ ሁሉ ስልኩን ሲያወጣ ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እዚያው ቦታ ይከንፋል። መብራት ሲጠፋም ያው ነው፤ የየቤቱ ዋይፋይ በአንድ ጊዜ ይሞትና ሰፈሩ በሙሉ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል። ፒያሳ ላይ በቀሩት ባለ ወፍራም ግድግዳ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ወይም መርካቶ ምድር ቤት ሱቆች ውስጥ ደግሞ ሲግናሉ ራሱ ይደክማል፤ ይህ ግን ዘንጎቹ ላይ ይታያል፣ ወደ በር ሲወጡም ይስተካከላል። የታሰረ ፍጥነት ቦታም ሰዓትም አይለይም። አራት ኪሎም ሆነ ለገሀር፣ ቀትርም ሆነ ንጋት፣ ያው አንድ ቁጥር ነው።

ለማረጋገጥ ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ፣ ሰው ሳይነቃ፣ የፍጥነት መለኪያ መክፈትና መርፌውን ማየት ነው። ሲታሰር መርፌው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ወርዶ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሎ ይተኛል። የመጀመሪያዋ ዝላይ የምትመጣው አሳሪው ሥርዓት ትንሽ ዳታ በነፃ አሳልፎ ከዚያ በኋላ መቁጠር ስለሚጀምር ነው። መጨናነቅ ሲሆን መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ማረጋገጫ የዚያው ድርጅት የሆነ የሌላ ሰው ሲም ተውሶ እዚያው ስልክ ላይ፣ እዚያው ቦታ ማስገባት ነው፤ ያኛው ከከነፈ ጥፋቱ የማማውም የስልኩም አይደለም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ መለኪያው ራሱ ዳታ ይበላል። በ100 ሜጋቢት ፍጥነት የ10 ሰከንድ ልኬት 125 ሜጋባይት ነው። ገደቡ ሳይሞላ በየሰዓቱ እየለኩ መደሰት ገደቡን ማፋጠን ነው።

ከታሰረ በኋላ ስልክ አጥፍቶ ማብራት፣ የአውሮፕላን ሞድ ማስገባትና ማውጣት፣ ኤፒኤን (ስልኩን ከዳታ መስመር ጋር የሚያገናኘውን ሴቲንግ) መቀየር፣ ሲሙን ነቅሎ መጥረግ፣ ሁሉም ከንቱ ድካም ነው። እሥሩ ያለው ድርጅቱ ዘንድ፣ በስልክ ቁጥሩ ላይ እንጂ ስልኩ ውስጥ አይደለም። ቪፒኤንም አያድንም፤ ምን እንደሚታይ ይደብቃል እንጂ ስንት ባይት እንዳለፈ አይደብቅም፣ እንዲያውም በራሱ መጠቅለያ ትንሽ ይጨምርበታል። ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ «ሶፍትዌር ማስጫን» ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው።

በዚያ ሁኔታ ውስጥ መክፈል የግድ ከሆነ የባንክ አፑን መተው ይሻላል። አፑ ዳታ ስለሚጠብቅ መሀል ላይ ጊዜው ያልፍበታል፤ ገንዘቡ ይውጣ አይውጣ ሳይታወቅ ክቧ ትዞራለች። ቴሌብር በ*127# ያለ ዳታ ይሠራል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ኮዶች የሚሄዱት በዳታ መስመር ሳይሆን በስልኩ የምልክት መስመር ነው። አፑ ላይ ተጀምሮ የተንጠለጠለ ክፍያ ካለ ደግሞ ድጋሚ «ላክ» አይባልም፤ መጀመሪያ በባንኩ አጭር ኮድ ቀሪ ሂሳብ ታይቶ፣ የማረጋገጫ መልእክት ተጠብቆ ነው። ሁለቴ የተከፈለ ሂሳብ ለማስመለስ የሚባክነው ቀን ከጥቅሉ ዋጋ በላይ ነው። መኪና ለመጥራትም ካርታው አልከፍት ካለ ራይድ በ8294 ይደወልለታል።

ገደቡን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይቶ የሚጠቀምበት ነገር አይደለም፣ ሳይታይ የሚሠራው ነው። እዚህ ከተማ ቀዳሚው ቴሌግራም ነው። አንድ ሰው የሥራ፣ የእድር፣ የዕቁብ፣ የሰፈርና የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ አለ፤ አምስት ስድስት የዕቃ መሸጫ ቻናልም ይከተላል። ሁሉም ቪዲዮ ይለጥፋሉ፣ ስልኩም ማንም ሳይከፍተው ያወርዳል። ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ በሞባይል ዳታ ጊዜ በራሱ የሚያወርደውን የሚያሳየው መስመር ይከፈታል፤ ቪዲዮና ፋይል ይጠፋሉ፣ ፎቶ ቢቀር ይቀራል። ዋትስአፕም ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ ሥር ተመሳሳይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ በሞባይል ዳታ እንዳይሠራ፣ ፕሌይ ስቶርም አፕ የሚያድሰው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን መደረግ አለበት። ወደ ላይ የሚጫነውም ከገደቡ እንደሚቆጠር ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ የልደት ቪዲዮ ለዘመድ መላክ እንደ ማየቱ ይቆጠራል።

ከሁሉም የከፋው ግን ላፕቶፕ ነው። ሆትስፖት ሲከፈት ዊንዶውስ ያገኘውን መስመር የቤት ዋይፋይ ይመስለዋል፣ ሲጠብቀው የነበረውን ማሻሻያ በሙሉ ማውረድ ይጀምራል። አንድ ትልቅ የዊንዶውስ ማሻሻያ ብቻውን ብዙ ጊጋ ነው። መፍትሔው ላፕቶፑ ላይ የዋይፋዩ ስም ተከፍቶ «ሜተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠር መስመር) የሚለውን ማብራት ነው። ይህ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ስም ለየብቻ ስለሚያዝ፣ የሆትስፖቱ ስም ከተቀየረ ወይም ስልክ ከተለወጠ እንደገና መደረግ አለበት። ደግሞም ሆትስፖት በጥቅሉ ውስጥ መፈቀዱ ሳይጠየቅ አይታለፍ፤ ሁሉም ያልተገደበ ጥቅል ማጋራትን በእኩል አይፈቅድም።

ድርጅቱ ካላሳወቀ መቁጠሩ የተጠቃሚው ነው። አንድሮይድ የዳታ አጠቃቀም በሚለው ሥር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ቁጥር ይቀበላል፤ ገደቡ 30 ጊጋ ከሆነ 20 ላይ እንዲጮኽ ማድረግ ነው። አይፎን ላይ ቆጣሪው በየወሩ በራሱ ዜሮ አይሆንም፤ ሞባይል ዳታ የሚለው ገጽ መጨረሻ ድረስ ተወርዶ በእጅ ነው የሚመለሰው። አንድሮይድም ቢሆን ዙሩን የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ቀን ነው። 31 ቀን ባለው ወር የስልኩ ቆጠራና የጥቅሉ ቆጠራ በአንድ ቀን ይላቀቃሉ፤ ዙር በዙር ላይ ሲደራረብ ማስጠንቀቂያው ከእውነቱ ይርቃል።

በእኛ አቆጣጠር ግን ነገሩ ይቀላል። ጥቅሉ 30 ቀን ነው፣ ወራችንም 30 ቀን ነው። ጥቅምት 5 የተገዛ ኅዳር 5 ያልቃል፣ ኅዳር 5 የተገዛ ታኅሣሥ 5። የሚያሳስተው ጳጉሜ ብቻ ነው፦ ነሐሴ 5 የታደሰው ጳጉሜ 5 ላይ ያልቃል፣ ቀጣዩ መስከረም 30 ላይ (ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆን 29 ላይ)። ስለዚህ የዓመት ወጪ ሲሰላ በ12 ማባዛት ልክ አይመጣም፤ 12 ጥቅል 360 ቀን ነው፣ አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀን 13ኛ ጥቅል ያስከፍታሉ። ዓመታዊ የቤት ፋይበር መስመርን ከሞባይል ጥቅል ጋር የሚያወዳድር ሰው ይህን ማስገባት አለበት። ሁለቱም ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የተካተተበት መሆን አለመሆኑም አብሮ ይጠየቅ።

የድምፅ ጥሪው ምንም አይወጣለትም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ለሚውል ሰው፣ ለደላላ፣ ለዴሊቨሪ ሠራተኛ፣ ለአስመጪ፣ ያልተገደበው ድምፅ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል። መጣራት ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ያልተገደበው ወደዚያው ድርጅት ቁጥር ብቻ ነው ወይስ ወደ ሌላውም? ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የደንበኛ ቁጥር በ09ም በ07ም ይጀምራል፤ የአንዱ ብቻ የሆነ ያልተገደበ ጥሪ ግማሽ ያልተገደበ ነው።

ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካለ ጥሪውን በአንዱ፣ ዳታውን በሌላው ማድረግ ይቻላል፤ በብዙ ሰው ዘንድም ተለምዷል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱበት ነገር «ዳታ ስዊቺንግ» የሚባለው ነው። ይህ ከበራ የዳታው ሲም ሲንቀራፈፍ ወይም ሲግናሉ ሲጠፋ ስልኩ ሳይጠይቅ ወደ ሌላው ሲም ይዘላል፤ በዚያኛው ላይ ጥቅል ከሌለ ከካርዱ ይቆርጣል። መጥፋት አለበት። ጥሪ በሚደረግበት ሲም ላይ ዳታ ጨርሶ መዝጋት ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል።

መጸጸት አለ ወይ? አለ። ለድምፁ ሲባል የተከፈለው አያስቆጭም፤ ለዳታው ሲባል የተጨመረው ግን ያስቆጫል። ቴሌግራም ጽሑፍ፣ ፌስቡክና በ480 ጥራት ጥቂት ቪዲዮ ለሚያይ፣ ላፕቶፕ ለማያገናኝ ሰው ይህ ጥቅል ይሆነዋል፤ ምናልባት ክቧን ጨርሶ ላያያት ይችላል። በሆትስፖት ለሚሠራ፣ ትምህርት ቪዲዮ ለሚያወርድ ተማሪ፣ ቪዲዮ ለሚጭን ሰው ግን አይሆንም። ለእነሱ ቁጥሩ ፊት ለፊት የተጻፈ ትልቅ የጊጋ ጥቅል ይሻላል፤ ሲያልቅ ያልቃል፣ እስኪያልቅ ግን ሙሉ ፍጥነት ነው፣ ማሳሰቢያም አለው። 10 ቀን ሙሉ በታሰረ ፍጥነት ከመሰቃየት በ20ኛው ቀን ሌላ ጥቂት ጊጋ መጨመር ይቀላል።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሻጩን በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቀው፦ ስንት ጊጋ ላይ ፍጥነቱ ይታሰራል፣ ወደ ስንት ኪሎቢት ወይም ሜጋቢት ይወርዳል፣ ሲሞላ መልእክት ይመጣል ወይ፣ ሆትስፖት ይፈቀዳል ወይ፣ ጨምሬ ብከፍል በዚያው ወር ፍጥነቱ ይመለሳል ወይ። የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ በዚህኛው ጥቅል መልሱ አይመለስም የሚል ነበር፣ የታወቀውም ከተገዛ በኋላ ነው። «ይቀንሳል እንጂ ይሠራል» ከሚል በቀር ቁጥር የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠመ ደንቡን ራሱ አስከፍቶ ማንበብ ይገባል።

8ኛው ወር በጊጋ ጥቅልና በያልተገደበ ድምፅ ተተክቷል። ለሚቀይር ሰው አንድ ነገር ይታወስ፦ አውቶማቲክ ማደሻው በርቶ ከሆነ አሮጌው ጥቅል በተገዛበት ሰዓት በራሱ ይታደሳል፣ ካርዱ ላይ ያለውንም ይወስዳል። ከመጨረሻው ቀን በፊት ባለው ማታ አጥፍቶ፣ መሰረዙን የሚያረጋግጠውን አጭር መልእክት ሳያጠፉ ማስቀመጥ ነው።